ማቹ ፒቹና የኩስኮ ገበታ፦ ትኬት ሳያመልጥ፣ ከፍታው ሳይጥል፣ ሆድ ሳይታወክ

ማቹ ፒቹ ፔሩ ውስጥ ያለች የጥንት ኢንካዎች የተራራ ከተማ ናት። ከበሯ የሚመለሱ፣ ወይም ገብተው በፎቶ የሚያውቁትን ቦታ ሳያዩ የሚወጡ መንገደኞች ጥፋታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። አውሮፕላን ቆርጠው፣ ሆቴል ይዘው፣ ባቡር ከፍለው፣ በመጨረሻ የመግቢያ ትኬት ሲፈልጉ የለም። ወደ ማቹ ፒቹ የሚታለፍባት ከፍተኛ ከተማ፣ ኩስኮ፣ በደረሱበት ቀን ዳገት ይወጣሉ፤ ማታ ራሳቸውን ይዘው ያድራሉ። በሦስተኛው ቀን ያልፈላ ውኃ የገባበት ጭማቂ ይጠጡና ባቡሩ ሲነሳ እነሱ መጸዳጃ ቤት ናቸው። ከታች ያለውን በተራው ሥሩ።

ስለ ሰዓትና ቀን፦ እዚህ ያሉት ሰዓቶች ትኬቱ ላይ እንደሚታተሙት ናቸው። 06:00 በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ 12:00 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት። ቀኑ የሚጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ነው። 05/06 ጁን 5 ነው እንጂ አሜሪካ ያላችሁ እንደለመዳችሁት ሜይ 6 አይደለም። የተከፈለ ትኬት ገንዘቡ ስለማይመለስ ይህ ስህተት ውድ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት የመግቢያ ትኬት

1.1 ሰርኪቱን ምረጡ

ከ2024 ጁን ወዲህ ማቹ ፒቹ በ3 ሰርኪቶች (ዋና የጉብኝት ዙሮች)፣ በውስጣቸውም በ10 መስመሮች ተከፍሏል። ትኬቱ የሚያስገባው በተቆረጠበት መስመር ብቻ ነው። ውስጥ ገብቶ መቀየር የለም፤ መንገዱም ወደፊት ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ አይመልሱም።

ሰርኪት 1 ከላይ ሆኖ ለማየት ነው። ታዋቂው ፎቶ የሚነሣበት እርከን ላይ ያደርሳል፤ ወደ ቤቶቹና ወደ መቅደሶቹ ግን አያስገባም። የማቹ ፒቹ ተራራ መስመርም (1-ሀ ብላችሁ ያዙት፣ ትኬቱ ላይ 1-ኤ ይላል) እዚህ ውስጥ ነው። ጫፉ 3,082 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል።

ሰርኪት 2 ፎቶውንም ከተማውንም ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ይህን ይቁረጥ፤ ሌላ ምርጫ ውስጥ ገብቶ ራሱን አያስጨንቅ። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ሰርኪት 3 የታችኛውን የከተማ ክፍል ያሳያል። በፎቶው ጀርባ የሚታየውን ሹል ተራራ፣ ዋይና ፒቹን፣ የምትወጡት በዚህ ነው፤ መስመሩ 3-ኤ ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዋይና ፒቹን ሲቆርጥ ሁሉንም የቆረጠ ይመስለዋል፤ ሰርኪት 3 ግን ወደ ላይኛው የፎቶ እርከን አያወጣም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን፣ ቢቻል በሁለት ተከታታይ ቀናት፣ ይቁረጥ።

በሰርኪት 1 እና 3 ውስጥ ካሉት መስመሮች አንዳንዶቹ የሚከፈቱት ጎብኚ በሚበዛባቸው ወራት ብቻ ነው። ቀናችሁ ላይ ካላገኛችኋቸው ድረ ገጹ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድከሙ።

1.2 መቼ ይቆረጣል?

ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ዝናቡ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይዘልቃል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይበረታል። ለጁን፣ ለጁላይና ለኦገስት ሰርኪት 2ን ከ2 እስከ 3 ወር፣ ዋይና ፒቹን ከ3 እስከ 4 ወር ቀድማችሁ ያዙ። ጁን 24 በኩስኮ የኢንቲ ራይሚ በዓል ስለሚከበር በዚያ ሳምንት አልጋም ባቡርም ይጠባል። የቀኑ ጎብኚ ቁጥር በመደበኛው 4,500፣ በተመረጡ ቀናት እስከ 5,600 ሆኖ ተወስኗል፤ ከዚያ በላይ አይሸጥም።

1.3 ቅጹን ሙሉ

የሚገዛው «ቱ ቦሌቶ» ከተባለው የፔሩ ባህል ሚኒስቴር የትኬት ድረ ገጽ ነው። በፍለጋ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው። ትኬቱ የመንግሥት ዋጋ ለውጭ አገር አዋቂ 152 ሶል (የፔሩ ገንዘብ)፣ ተራራ ሲጨመርበት 200 ሶል ሆኖ ቆይቷል፤ ከዚህ እጅግ የራቀ ዋጋ ካያችሁ የደላላ ገጽ ላይ ናችሁ።

ሀ. የሰነድ ዓይነት ሲጠይቅ ፓስፖርት ምረጡ። ቁጥሩን ከፓስፖርቱ ላይ እያያችሁ ጻፉ።

ለ. ስም ላይ ቀስ በሉ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የአባትን ስም የት ላድርገው ብላችሁ አትፈላሰፉ። ፓስፖርቱ ራሱ በሁለት መስመር ስለከፈለው፣ በየመስመሩ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ቢኖራቸው ችግር የለውም። በሩ ላይ የሚታየው ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙ ነው።

ሐ. ሁለት ፓስፖርት ያላችሁ፣ ፔሩ በምትገቡበት ቁረጡ። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከሆነም መጀመሪያ አድሱ፤ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ማደስ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ከተለወጠባችሁ አሮጌውን ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

መ. ለመግቢያ ሰዓት 06:00 ወይም 07:00 ብርሃኑ መልካም ነው፤ ግን ጭጋጉ ብዙ ጊዜ ሸለቆውን ሸፍኖ ያረፍዳል። በዝናብ ወራት ከ08:00 እስከ 10:00 ያለው ይሻላል።

1.4 ክፍያው እምቢ ሲል

ካርዱ ለኢንተርኔት ግዢ ተጨማሪ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክ ዓይነት ካልሆነ ሊመለስ ይችላል። ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ የውጭ አገር የኢንተርኔት ክፍያ ያስከፍቱ። ከኢትዮጵያ የሚከፍል ሰው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልገዋል። ክፍያው መሃል ላይ ከተቋረጠ ወዲያው አትድገሙ። መጀመሪያ ኢሜይሉንና የባንክ ሒሳቡን ተመልከቱ። ገንዘብ አልወጣም? ሌላ ካርድ ወይም ሌላ ብራውዘር ሞክሩ። ትኬቱ ሲመጣ አትሙት፤ ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

1.5 ትኬት ሲያልቅ

በሩ ላይ ትኬት አይሸጥም። ከተራራው ሥር ባለችው አጉዋስ ካሊየንቴስ ከተማ ግን በቀን 1,000 ትኬት በአካል ለሚመጣ ሰው ይሸጣል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ፓስፖርት ይዛችሁ በማለዳ ተሰለፉ፣ የተራ ቁጥር ውሰዱ፣ በተባላችሁበት ሰዓት ተመልሳችሁ ክፈሉ። የሚደርሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለማግስቱ ነው፤ ሰርኪቱም የቀረው ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ቢያንስ 2 ሌሊት እዚያ ይያዝ፣ የመመለሻ ባቡሩን ቀን የሚቀየር ያድርግ፣ ጥሬ ሶልም አይጣው።

የአራት ቀኑን የእግር ጉዞ፣ ኢንካ ትሬልን፣ ያሰበ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ብቻ ነው የሚሄደው። ፈቃዱ ተሸካሚዎችን ጨምሮ በቀን 500 ሰው ነው፤ በፌብሩዋሪ መንገዱ ይዘጋል።

ደረጃ 2፦ ባቡሩን ከትኬቱ ጋር ማጋጠም

ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ የመኪና መንገድ የለም። የተለመደው በኩስኮና በማቹ ፒቹ መሃል ካለችው ከኦያንታይታምቦ ከተማ በባቡር 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ መሄድ ነው።

1. የመግቢያ ሰዓታችሁን ጻፉ። ከሱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ የሚደርስ ባቡር ፈልጉ። ለማለዳ መግቢያ ግን ባቡር አትቁጠሩ፤ ዋዜማውን አጉዋስ ካሊየንቴስ እደሩ።

2. መመለሻውን ከመግቢያ ሰዓታችሁ 5 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ዋይና ፒቹ ለሚወጣ 7 ሰዓት።

3. መነሻ ጣቢያውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በዝናብ ወራት ከኩስኮ የተሸጠው ትኬት ግማሹ በአውቶብስ ግማሹ በባቡር ሊሆን ይችላል።

4. ትልቁን ሻንጣ ኩስኮ ወይም ኦያንታይታምቦ ሆቴል አስቀምጡ። ባቡሩ የሚቀበለው አነስተኛ የእጅ ቦርሳ ነው።

ከኩስኮ ወደ ኦያንታይታምቦ ኮሌክቲቮ የሚባሉ ሚኒባሶች ከፓቪቶስ መንገድ ሲሞሉ ይነሣሉ፤ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት መንገድ ነው።

በዚህ ሐዲድ ላይ አድማና የመሬት መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም። ከማቹ ፒቹ ማግስት ዓለም አቀፍ በረራ የያዘ ሰው ቁማር ላይ ነው። በመሃል ቢያንስ አንድ ባዶ ቀን ተዉ። ባቡር ከተሰረዘ ገንዘቡን ከባቡር ኩባንያው በጽሑፍ ጠይቁ፤ የመግቢያ ትኬቱን ጉዳይ ደግሞ በዚያው ቀን አጉዋስ ካሊየንቴስ ወይም ኩስኮ ባለው የባህል ሚኒስቴር ቢሮ አሳውቁ። ሁለቱ ተቋማት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አይመልስም።

ደረጃ 3፦ ሰነድና ሻንጣ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ለፔሩ ቪዛ ያስፈልገዋል። ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት የመሸጋገሪያ አገሩንም የቪዛ ደንብ ጠይቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። ለኩስኮና ለማቹ ፒቹ ብቻ ክትባቱ የግድ ላይሆን ይችላል፤ ፔሩ ግን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ስላለች፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ስትገቡ ካርዱ ይጠየቃል። ክትባቱ ከተወሰደ 10 ቀን ካልሞላው ካርዱ አይጸናም።

ለማቹ ፒቹ ቀን ቦርሳው ከ40 በ35 በ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ውስጡ ይህ ብቻ ይግባ፦ ዋናው ፓስፖርት፣ የታተመ ትኬት፣ ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል የውኃ መያዣ፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የነፍሳት መከላከያ። ጃንጥላ፣ የካሜራ መቆሚያ፣ ድሮን፣ ምግብ፣ ጫፉ ጎማ የሌለው ምርኩዝ አይገባም። ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ እዚያ ያሉት ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች ወዲያው አይሰሙም፣ እከኩ ግን ለቀናት ይቆያል።

ገንዘብ፦ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር አይቀበሏችሁም። የተቀደደ ሶል ሲሰጧችሁም አትቀበሉ፤ የሚወስድላችሁ አታገኙም። ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ ከመግባታችሁ በፊት ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ደረጃ 4፦ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ኩስኮን ወደ መጨረሻ

ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ናት፤ የአዲስ አበባን ያህል። የሚያመው እሷ ሳትሆን ኩስኮ ናት፦ 3,400 ሜትር፣ ከእንጦጦ አናትም በላይ። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ይቀለዋል፤ ቢሆንም ፈጽሞ አይነካኝም አይበል። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ዓመታት የተቀመጠ ደግሞ የደጋ ልጅነቱ አያድነውም። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ዝቅ ብሎ ሲኖር ይረሳል።

ቀን 1፦ ከሊማ ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ከተማ ሳትገቡ በቀጥታ ወደ ሸለቆው ከተሞች፣ ወደ ኡሩባምባ (2,870 ሜትር) ወይም ኦያንታይታምቦ (2,790 ሜትር) ውረዱ። ቀኑን ምንም አትሥሩ። ሾርባ፣ ውኃ፣ እንቅልፍ። አልኮል አይነካም።

ቀን 2፦ የኦያንታይታምቦን ወይም የፒሳክን ፍርስራሾች በዝግታ እዩ።

ቀን 3፦ ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ (2,040 ሜትር) ውረዱና እደሩ።

ቀን 4፦ ማቹ ፒቹ።

ከቀን 5 ጀምሮ፦ ኩስኮና በላይዋ ያሉት ፍርስራሾች። በዚህ ጊዜ ሰውነት ለምዷል።

የከፍታ ሕመም በደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ እንቅልፍ ማጣት። በዚህ ጊዜ ከፍ አትበሉ፤ ዕረፉ፣ ውኃ ጠጡ። በማግስቱ ካልተሻለ ወደ ሸለቆው ውረዱ። አሴታዞላማይድ የሚባለው መከላከያ ብዙ ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ይታዘዛል፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ እርጉዝ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

የሚከተሉትን ካያችሁ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም አረፋ ያለው አክታ ካሳለ። ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱ፤ ከከፍታውም አውርዱት።

ደረጃ 5፦ የማቹ ፒቹ ቀን

1. ከመግቢያ ሰዓታችሁ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ቀድማችሁ አውቶብስ ሰልፍ ላይ ሁኑ። የመጀመሪያው 05:30 ይነሣል፤ ወደ ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ዋጋው ለአንድ ጉዞ 12 ዶላር ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ትኬቱን ዋዜማውን ግዙ፤ ፓስፖርት ያስፈልጋል። በእግር የሚወጣ 1 ሰዓት ተኩል ያህል ደረጃ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ደክሞ ዋይና ፒቹ መጨመር አይመከርም።

2. በሩን ከመግባታችሁ በፊት መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ። ውስጥ የለም፣ ወጥቶ መመለስም የለም። ሳንቲም ያዙ። ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር የስንቱን ጉብኝት አሳጥሮታል።

3. ቁርስ ከታች ብሉ። ውስጥ መብላት ክልክል ነው።

4. ፎቶውን መጀመሪያ ባገኛችሁት ክፍት እርከን ላይ አንሡ። «ጭጋጉ ሲገፈፍ ተመልሼ አነሣለሁ» አይሠራም፤ አይመልሷችሁም። ጭጋግ ከሆነ ላይኛው እርከን ላይ ዳር ይዛችሁ ጠብቁ፣ ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት።

5. ድንጋዩ በዝናብ ያንሸራትታል። ስትወርዱ እግራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ እርገጡ። ዋይና ፒቹ ላይ ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ ያዙት፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው በጭራሽ አይሞክረው።

6. መውጫ አካባቢ የመታሰቢያ ማህተም አለ። ማስታወሻ ደብተር ላይ ምቱት፣ ፓስፖርት ላይ አይሁን። አንዳንድ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ እንደ ጉዳት ይቆጥረዋል።

መዘግየት ከደረሰ፦ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ሰዓቱ ካለፈ ተራችሁን አትልቀቁ። በሩ ላይ የአውቶብሱን ትኬት አሳይታችሁ በትሕትና አስረዱ። ጥቂት ደቂቃ ያለፈውን ብዙ ጊዜ ያስገባሉ፤ ሰዓት ያለፈውን ግን ይመልሳሉ።

ደረጃ 6፦ የቀሩት ፍርስራሾች

«ቦሌቶ ቱሪስቲኮ» የሚባለው የጋራ ትኬት 16 ቦታዎችን ያስገባል፤ ሙሉው 130 ሶል ሆኖ ለ10 ቀን ያገለግላል። ከፊሉ 70 ሶል ነው። ሳክሳይዋማን፣ ኬንኮ፣ ፒሳክ፣ ኦያንታይታምቦ፣ ሞራይና ቺንቼሮ በዚህ ይገባሉ። ማቹ ፒቹ፣ በኩስኮ መሃል ያለው ኮሪካንቻና የማራስ ጨው ማምረቻ አይገቡበትም፤ ለየራሳቸው ይከፈላል። በዚህ ቅር ተሰኝቶ ከበር ጠባቂ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ፒሳክ ላይ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ላይኛው በር ውጡና በእግር ወደ ከተማው ውረዱ፤ 2 ሰዓት ያህል ነው። ከታች ወደ ላይ የሚጀምሩት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ኩስኮ ላይም እንዲሁ። ታክሲ ታምቦማቻይ ድረስ ያድርሳችሁ፣ ከዚያ ፑካ ፑካራን፣ ኬንኮን፣ ሳክሳይዋማንን እያያችሁ ቁልቁል ወደ ከተማ ተመለሱ። ኦያንታይታምቦን ከ09:00 በፊት ወይም ከ15:00 በኋላ እዩ፤ በመሃል የጉብኝት አውቶብሶች ይሞሉታል።

ደረጃ 7፦ መብላት

7.1 ምሳ ይሁን ዋናው ማዕድ

«ሜኑ» ወይም «ሜኑ ዴል ዲያ» የተጻፈበት ትንሽ ቤት ፈልጉ። ሾርባ፣ ዋና ምግብና መጠጥ አንድ ላይ ከ10 እስከ 20 ሶል ነው። ከ12:30 እስከ 13:30 ባለው ጊዜ ግቡ፤ ድስቱ ከእሳት የወረደው ያኔ ነው። ዋናው አደባባይ ዙሪያ ያሉት ዋጋቸው እጥፍ ድርብ ሆኖ ጣዕሙ እምብዛም አይለይም። እራት ቀለል ያለ ይሁን፤ በከፍታ ላይ ሆድ ይሰንፋል።

7.2 ሳን ፔድሮ ገበያ

ኩስኮ ውስጥ የምግብ ትምህርቱ እዚህ ነው። መጀመሪያ ሳትቀመጡ አንድ ጊዜ ዙሩ። የአገሩ ሰው የተሰለፈበት፣ ድስቱ የሚፈላበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጭማቂ ስታዝዙ «ሲን አጉዋ፣ ሲን ዬሎ» በሉ፤ ውኃም በረዶም አይግባ ማለት ነው። በውኃው ፋንታ የብርቱካን ጭማቂ «ኮን ናራንሃ» ብላችሁ ማስጨመር ይቻላል። ብርጭቆው ሲያልቅ ከመፍጫው የቀረውን ይጨምሩላችኋል፤ «ያፓ» ይሉታል፣ ምርቃት ነው፣ አይከፈልበትም፤ ለመቀበል አትፈሩ። ተልጦ የተቀመጠ ፍራፍሬና ጥሬ ሰላጣ ግን ከማቹ ፒቹ በኋላ ይቆያችሁ።

7.3 ለጾመኛ

ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም ረጅሙ ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ አንዲስ ከብዙ አገር ይሻላል። ድንች፣ በቆሎ፣ ባቄላና ኪኑዋ የአገሩ መሠረት ነው። ወጥመዱ ሌላ ነው። «ሲን ካርኔ» ብትሉ ዶሮ ሊመጣ ይችላል፤ «ካርኔ» ለብዙ ሰው የበሬ ሥጋ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ዘርዝሩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ዌቮ»፤ ሥጋ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት። አጭሩ «ሶይ ቬጋኖ» ነው፤ ሴት «ሶይ ቬጋና» ትላለች።

የኪኑዋ ሾርባ አትክልት ብቻ ይመስላል፤ መረቁ ግን ብዙ ጊዜ የአጥንት ነው። «ኤል ካልዶ ኤስ ዴ ካርኔ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባቄላና ሩዝ ሲጠበስ «ማንቴካ»፣ የእንስሳ ስብ፣ መግባቱንም ጠይቁ። ቾክሎ የሚባለው ትልቅ ፍሬ ያለው እሸት በቆሎ ከአይብ ጋር ነው የሚሸጠው፤ አይቡን አስቀሩ። ደህና የሆኑት፦ ሞቴ (የተቀቀለ በቆሎ)፣ ካንቻ (የበቆሎ ቆሎ)፣ ፓን ኮን ፓልታ (ዳቦ በአቮካዶ)፣ ሳልታዶ ዴ ቬርዱራስ (የተጠበሰ አትክልት)። በምርት ወቅት፣ ከሜይ ጀምሮ፣ በሸለቆው ውስጥ ዋቲያ ታገኛላችሁ፤ በጋለ የአፈር ጓል ተቀብሮ የበሰለ ድንች ነው። አብሮት የሚመጣው አረንጓዴ ማባያ ኡቹኩታ ግን አይብ ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጠዋትና ማታ በጋሪ የሚሸጠው ኤሞሊየንቴ የገብስና የተልባ ትኩስ መጠጥ ነው፤ ለሆድም ለጾምም ይስማማል።

ጎጃም ጊብጦ ያወቀ ሰው ታርዊን ይለየዋል፤ ዘመዱ ነው። ተዘጋጅቶ በሎሚና በሽንኩርት ሲለወስ ብሉት። ጥሬውን ከገበያ ገዝታችሁ ማደሪያችሁ አትቀቅሉት። ተቀቅሎ ለቀናት በሚቀያየር ውኃ ካልተዘፈዘፈ መራራውና የሚመርዘው ነገር አይወጣም።

7.4 ሥጋ

ኩይ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ የሚቀርብ ትንሽ የአይጥ ወገን እንስሳ ነው። አልፓካ የግመል ወገን ነው። የእምነታችሁ ሥርዓት የሚከለክላችሁ ከሆነ፣ «ሥጋ» ብቻ ብላችሁ አትዘዙ፤ የበሬ «ሬስ»፣ የበግ «ኮርዴሮ» ብላችሁ በስም ጥሩ። ሎሞ ሳልታዶ የበሬ ጥብስ ከሽንኩርትና ከድንች ጋር ነው፤ ለኛ ምላስ ቅርብ ነው። ቻንቾ፣ ሴርዶና ሌቾን ሁሉም አሳማ ናቸው፤ ቺቻሮንም እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ሃላል ሥጋ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሡ፤ የሸለቆውን ትሩቻ፣ ማለትም ትራውት ዓሣ፣ ጠይቁ። ኮሸር ለሚጠብቅ በኩስኮ የሐባድ (የአይሁድ ሃይማኖታዊ ማኅበር) ቤት አለ። ጥሬ ዓሣ በሎሚ የሚሠራው ሴቪቼ የባሕር ዳር ምግብ ነው፤ ሊማ ላይ በምሳ ሰዓት ብሉት።

7.5 ሚጥሚጣ የለመደ ይጠንቀቅ

ሮኮቶ ቀይ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይመስላል፣ ፍሬው ጥቁር ነው፤ እሳት ነው። በሚጥሚጣ ተማምናችሁ እንዳትነክሱት። በማንኪያ ጫፍ ቅመሱ፣ ካቃጠለ በውኃ ሳይሆን በዳቦ ወይም በድንች አብርዱት። ሮኮቶ ሬዬኖ የተባለው የተሞላው ግን ተቀቅሎ ለዝቧል፤ ሥጋና አይብ አለበት።

7.6 መጠጥ

ቺቻ ሁለት ነው። ቺቻ ሞራዳ ከሐምራዊ በቆሎ፣ ከአናናስ ልጣጭ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ የተፈላ ጣፋጭ ነው፤ አልኮል የለውም። ቺቻ ዴ ሆራ የበቀለ በቆሎ ጠላ ነው። በሸለቆው መንደሮች ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ወይም ፌስታል በእንጨት ተሰቅሎ ካያችሁ፣ እኛ ዘንድ ጣሳ እንደሚሰቀለው፣ ቺቻ ተጠምቋል ማለት ነው። ለመቅመስ ማቹ ፒቹ እስኪያልፍ ቆዩ፤ የሚበርዘው ውኃ ለሆዳችሁ እንግዳ ነው።

የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። በኩስኮ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በታች ስለሆነ፣ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ሆድ ሲበላሽ

በ1 ሊትር የተፈላ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ቀኑን ሙሉ ጠጡ፤ ጨው ከልኩ አይለፍ። ፋርማሲ «ሱዌሮ ኦራል» ቢሏቸው የተዘጋጀውን ይሰጧችኋል። የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ዳቦ ብሉ። ሙኛ የሚባለው የአንዲስ ቅጠል ሻይ ሆድ ያረጋጋል። ትኩሳት ወይም ደም ካለ ክሊኒክ ሂዱ። ማስቆሚያ ክኒን የሚያገለግለው ባቡር ላይ ለመውጣት ነው፤ ትኩሳት ወይም ደም እያለ አይዋጥም።

ደረጃ 9፦ ከመውጣት በፊት ቦርሳ መፈተሽ

ሆቴሉ ሁሉ የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርባል፤ ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ ሻይው ብቻ በሽንት ምርመራ ኮኬይን አሳይቶ ሊያስጠይቅ ይችላል። ሥራው ምርመራ ያለበት፣ በተለይ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ወይም በዚያ የሚያልፍ፣ በፍጹም አይንካው፤ ሙኛ ይጠጣ። ሁለተኛ፣ ቅጠሉንም፣ የሻይ ከረጢቱንም፣ ከረሜላውንም ከፔሩ አታውጡ። አሜሪካና ባሕረ ሰላጤው ላይ የመታሰቢያ ዕቃ ተብሎ አይታለፍም። ሆቴሉ አልጋ ላይ የሚያስቀምጠውን ትንሽ ፓኬት የሚረሱት ብዙዎች ናቸው፤ የጃኬትና የጀርባ ቦርሳ ኪሶችን አንድ በአንድ ገልብጡ።